ወንበሮቹ ለምን በዙ? ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ስለ ገብስና ስለ እርጅናችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን። 

እኛ ከሰላት በፊት ምንጣፍ የምናነጥፍ፣ ከሰላት በኋላ ወንበር የምንሰበስብ ሰዎች ነን። ስለዚህ ሌላው ሰጋጅ የማያየውን እናያለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስጂዳችን የኋላ ግድግዳ ሥር የነበሩት ወንበሮች ሦስት ብቻ ነበሩ። የሚቀመጡባቸውም የታወቁ ሦስት አዛውንቶች ነበሩ። ዛሬ ጁሙዓ ሲደርስ ሃያ ወንበር ደርድረን አይበቃንም። የበለጠ የሚያሳስበን ደግሞ የሚቀመጡት ሁሉ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባቶች አለመሆናቸው ነው። ሃምሳ ያልሞላቸው ጎልማሶች ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ እየተነፈሱ ወንበር ይጠይቁናል።

ተቀምጦ መስገድ ነውር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ እንደፈቀዱ ቡኻሪ ዘግበዋል። አላህ ባገራው ነገር ላይ ማንንም አንወቅስም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሱጁድ ለማድረግ የሚያስችል ጉልበት አላህ ሰጥቶን ሳለ በራሳችን እጅ፣ በራሳችን ሳህን ቀድመን የምናጣው ለምንድን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ወንበሩ ብቻ አይደለም። የራሳችን ጥፋትም አለበት፤ እሱን አስቀድመን እንንገራችሁ።

በመግሪብና በዒሻእ መካከል በምንሰጠው ደርስ ላይ አንድ ቀን ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣውን ሐዲስ አነበብን። ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለበት የሚናገረውን ማለታችን ነው። አነበብነው፣ ተረጎምነው፣ ሰዓቱ ስለደረሰ ሸርሑን ሳንጨርስ አዛን ተባለ። በዚያው ሰሞን በመስጂዱ በር ላይ አንድ ወጣት የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትናንሽ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለመገጣጠሚያ፣ እርጅናን ለመመለስ ጭምር ነው ይላል። ከደርሳችን የማይለዩ አንድ አባት ገዙ። ለዓመታት የደም ግፊት ኪኒን ሲወስዱ የቆዩ ሰው ናቸው። ሻጩ «ሐዲስ የሚያምን ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?» አላቸው። ኪኒኑን ተዉት።

ሁለት ወር አልሞላም። ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ዛሬ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ፤ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይም ይቀመጣሉ። ለተክቢራ ግን ቀኝ እጃቸው አይነሳም። እሳቸው አንድም ቀን አላማረሩም። ልጃቸው ግን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ሐዲሱ ትክክል አይደለም ማለት ነው?»

ወላሂ፣ ያ ጥያቄ ከስትሮኩ ባላነሰ አስደነገጠን። ባልተጨረሰ ደርስና በአንድ ጠርሙስ ዘይት ምክንያት የአንድ አባት ጤና ተጎዳ፤ የአንድ ወጣት እምነትም ሊናጋ ደረሰ። መልሳችንን በዚህ ጽሑፍ እንሰጣለን።

ሐዲሱ እውነት ነው፤ የተሳሳተው አረዳዳችን ነው

የጥቁር አዝሙዱን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በትክክለኛነቱ ላይ ጥርጥር የለም። ነገር ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ከመካከል ተመዝዞ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አይደለም። ዑለሞቻችን ዘገባዎችን አንድ ላይ አሰባስበው ነው የሚረዱት። ኢማም አል-ኸጧቢ የሐዲሱ አነጋገር ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገበት ግን የተወሰኑ በሽታዎች እንደሆኑ አስረድተዋል። ኢብኑ ሐጀርም ይህን ማብራሪያ በፈትሑል ባሪ ውስጥ አስፍረውታል። በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ራሱ ለአንድ ታማሚ የተነገረው ምክር የፍሬው ቁጥር፣ ተፈጭቶ ከዘይት ጋር መደባለቁ፣ በአፍንጫ መጨመሩ የተጠቀሰበት ነው። መጠን አለው፣ አሰጣጥ አለው፣ የታማሚው ሁኔታ አለው። ይህ የሕክምና አነጋገር ነው፤ «ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ይጠጣው» የሚል አይደለም።

ሌላም ሐዲስ አለ፤ ሻጮቹ አያነሱትም። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። በዚህ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታዎች መድኃኒት እንዳደረገላቸው ነግረውናል፤ አንድ ነገር ግን ለይተዋል። እሱም እርጅና ነው። እንግዲህ «እርጅናን የሚመልስ የነቢይ መድኃኒት» ብሎ የሚሸጥ ሰው ነቢዩ የለዩትን በነቢዩ ስም እየሸጠ ነው። ከዚህ የበለጠ ድፍረት ምን አለ?

ስለ ጥቁር አዝሙድ ተመራማሪዎች ያገኙትንም በሐቅ እንናገር። በፍሬው ውስጥ ቲሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አብዛኞቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታትና ወራት የተደረጉ ናቸው። ጥቅም አለው፤ ኪኒን የሚያስጥል ግን አይደለም። እንዲያውም ግፊትንና ስኳርን የሚያወርድ ስለሆነ ከኪኒን ጋር በብዛት ሲወሰድ ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውና ወጥ ውስጥ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ ምግብ ነው፤ በረካ ነው፤ ብሉት። በማንኪያ የሚወሰደው ዘይት ግን እንደ መድኃኒት ይቆጠራልና ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ከምግብ የተነጠለው ነገር

ወጣቶቻችን በቲክቶክና በቴሌግራም «እርጅናን የሚያዘገይ» የሚባል ኪኒን ሲተዋወቅ ያያሉ። አንዱ ከእርድ የወጣ ነው፣ ሌላው ከወይን፣ ሌላው ከካሮት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምግቡ ከጠቀመ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወሰድ የበለጠ ይጠቅማል ይባላል። እስቲ ይህ ሐሳብ ሲሞከር ምን እንደሆነ እንይ።

ካሮትና ሌሎች ብርቱካናማ አትክልቶችን አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት በቁጥር አነስ ብለው ይታዩ ነበር። ስለዚህ በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶችን ይዘው ለገሚሶቹ በካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን መልክ ለዓመታት ሰጧቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ የተጠበቀው ተገለበጠ። ኪኒኑን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዛቸው መጠን ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮቱ ያው ካሮት ነው፤ ማንንም አልጎዳም። ከካሮቱ ተነጥሎ፣ ከመጠኑ አልፎ የተሰጠው ግን ጎዳ።

የወይኑም ታሪክ አለ። በቀይ ወይን ውስጥ ሬስቬራትሮል የሚባል ንጥረ ነገር አይጦችን እንደጠቀመ ሲነገር ዓለም ተንጫጫ። ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ በዚህ ላይ የሚሠራውን ሰርትሪስን እ.ኤ.አ. በ2008 በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2013 ዘጋው። እስከ ዛሬ ከዚያ ንጥረ ነገር የሰውን ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት አልወጣም። ያ ሁሉ ወሬ ግን አንድ ነገር ጥሎብን ሄደ፤ «በቀን አንድ ብርጭቆ ወይን ለልብ ጥሩ ነው» የሚል ንግግር። ከሙስሊም ወጣት አፍም ሰምተነዋል። አላህ በሱረቱል በቀራ አስካሪ መጠጥ ለሰዎች ጥቅም ቢኖረውም ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነግሮናል፤ በኋላም ፈጽሞ ከልክሎታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና አደጋ የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። እኛ ሐራምነቱን የተቀበልነው ድርጅቱ ስለተናገረ አይደለም። ግን «ሳይንሱ ፈቀደ» የሚለው ወንድማችን ይህንንም ይስማ።

እርድም እንዲሁ ነው። ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ኪኒን አምራቾች ይህን ለመፍታት ከቁንዶ በርበሬ የወጣ ንጥረ ነገር ጨምረው በብዛት እንዲገባ ያደርጉታል። እንዲህ ያሉ ኪኒኖችን ከወሰዱ ሰዎች መካከል ጉበታቸው የተጎዳባቸው ተመዝግበዋል። አልጫ ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ግን እናቶቻችን በልክ ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ትምህርት አንድ ነው። አላህ ፍሬውን ሲፈጥር ከቃጫው፣ ከውሃው፣ ከልኩ ጋር ነው የፈጠረው። ጤናማ እርጅና የሚገኘው በአንድ ጠርሙስ ሳይሆን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በየቀኑ ከሚቀርበው ሳህን ነው።

ታዲያ ሳህናችን ላይ ምን አለ?

በዕድሜ ብዛት የደም ሥር ይደድራል፤ ጡንቻ ይሳሳል፤ አጥንት ይቀላል፤ ሰውነት ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ይቀንሳል። ይህ የአላህ ሱንና ነው፤ ማንም አያመልጠውም። ፍጥነቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ምግብ እጁን የሚያስገባው እዚያ ላይ ነው። የሚረዱን ምግቦች ደግሞ ብዙዎቹ ሩቅ አገር የሚበቅሉ አይደሉም።

ከገብስ እንጀምር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ላዘነ ሰው ተልቢና እንዲሠራ ያዙ እንደነበር፣ የሕመምተኛን ልብ እንደሚያሳርፍም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ተልቢና ዑለሞች እንዳብራሩት ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን አጥሚት ነው። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ቃጫ አለ። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ የስኳርን መግባት ያዘገያል፤ ኮሌስትሮልንም ይዞ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ለልብ ጤና እንደሚረዳ በገብስ ምግቦች ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እኛ ገብስን በበሶ፣ በቆሎ፣ በገንፎ እናውቀዋለን። ለእንግዳ ብስኩትና ለስላሳ ስናቀርብ ቆሎውን እንደ ድህነት ምልክት መቁጠር የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ የደሃው ሥጋ ናቸው። ፕሮቲን አላቸው፤ ቃጫ አላቸው፤ ስኳርን ቶሎ አይለቁም። ሰው እያረጀ ሲሄድ ጡንቻውን ለመጠበቅ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ብዙ አዛውንቶቻችን ግን ቁርሳቸው ሻይ በዳቦ፣ እራታቸውም ሻይ በዳቦ ነው። አንድ ጭልፋ ንፍሮ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ሳህን ምስር መጨመር ለእነሱ ከየትኛውም ሰፕልመንት ይበልጣል።

የሐበሻ ጎመን ለአጥንትና ለደም መርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ አለው፤ ለዓይን የሚረዱ ንጥረ ነገሮችም አሉት። ለረጅም ሰዓት ቀቅለን ውሃውን ስንደፋው ከጥቅሙ የተወሰነውን እንደፋለን፤ አጭር ጊዜ ማብሰል ይበቃዋል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን የጎመኑን መጠን በድንገት አይጨምር፣ በድንገትም አይቀንስ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫልና።

ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት በብዛት ካላቸው ፍሬዎች አንዱ ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል። እናቶቻችን ቆልተው የሚፈጩት በከንቱ አይደለም። አብሽም ስኳር ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ ቃጫ አለው፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሲያበዛው ስኳሩን ይለካ። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይፈጠርበታል፤ ወቅጦ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እሳት ላይ ማድረግ ይሻላል። ጤፍ ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲጠቀምበት ይረዳል።

እንዲህ ያለ አመጋገብ ምን ያህል ያግዛል? እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የወጣ ዳሽ የተባለ ጥናት ሰዎችን ለስምንት ሳምንት አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የቀነሰ ወተት የበዛበት ምግብ አበላቸው። ግፊት ካለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ11 ገደማ ወረደ። ይህ አንድ የግፊት ኪኒን ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው። የተገኘውም በአንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን በሙሉ ምግብ ነው። አሁንም እንደግመዋለን፤ ይህ ኪኒን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ኪኒን የሚያስቆም ሐኪም ብቻ ነው።

የሚያስረጀን ነገር

ጥቅሙን ዘርዝረን ጉዳቱን ከደበቅን አማናችንን አልተወጣንም።

የመጀመሪያው ስኳር ነው። በግማሽ ሊትር ኮላ ውስጥ ከ50 ግራም በላይ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ማርም ከዚህ ቁጥር ውጪ አይደለም። አላህ በሱረቱ ነሕል ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ነግሮናል፤ አምነናል። አብዛኛው ክፍሉ ግን ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ «ሱንና ነው» ብሎ በማንኪያ መጨለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ጨው ነው። ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው። በወጡ፣ በዳቦውና በሚጥሚጣው ተደማምሮ ሳናውቀው እናልፈዋለን።

ሦስተኛው ዘይት ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚጨምር የስብ ዓይነት ነው። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠበስበት፣ ደጋግሞ የሚሞቀው ዘይት ደግሞ ይብሳል።

አራተኛውን ስንናገር የሚቆጡን ይኖራሉ። ከዐስር በኋላ የሚጀመረው በርጫ ነው። ጫቱ ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍን ይነሳል። ምሬቱን ለማጥፋት የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ ከላይ የጠቀስነው ስኳር ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ ወንበር ቢጠይቀን አይግረማችሁ።

መጠኑስ?

ቲርሚዚ በዘገቡት የሚቅዳም ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአደም ልጅ ጀርባውን የሚያቆሙለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ካልሆነም ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ለሦስት እንዲከፍል አስተምረዋል። አላህም በሱረቱል አዕራፍ ብሉ ጠጡ ካለ በኋላ ኢስራፍን ከልክሏል።

በአሜሪካ ካለሪ የተባለ ጥናት ወደ 218 የሚጠጉ፣ ከመጠን በላይ ያልወፈሩ ጤናማ ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ከፊሎቹ የሚበሉትን በአንድ አራተኛ እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ መቀነስ የቻሉት ግን 12 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያችም እንኳ ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ተሻሻለ። አስቡት፤ ስምንት ጉርሻ የሚበላ ሰው አንዷን ጉርሻ ቢተው ማለት ነው! የሰኞና የሐሙስ ጾምም ለአኼራ የምንጾመው ዒባዳ ነው፤ ሰውነትንም ልክ ያስተምረዋል። መግሪብ ላይ ግን የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካካካስነው ልኩን አልተማርንም። በረመዳን ክብደት የምንጨምር ከሆነ ችግሩ ጾሙ አይደለም፤ ኢፍጣራችን ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱና ከባድ ሕመም ያለባቸው ግን የሸሪዓው ሩኽሳ አላቸውና ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጹሙ።

«አጀል የተቆረጠ ነው» ለሚሉን

ይህን ስንናገር ሁለት ነገር ይነሳብናል። አንዱ «ሞት ቀን አለው፤ ምን ያጨናንቀናል?» የሚል ነው። አዎ፣ አጀል አይዘገይም አይቀደምም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ሲሉ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው እንደጠየቋቸው፣ ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ እንደመለሱላቸው ታውቃላችሁ። ሰበብ ማድረስም ቀደር ነው። ደግሞም የምንናገረው ስለ ዕድሜ ርዝመት ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ወራዳው የዕድሜ ክፍል ከመመለስ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ያንን ዱዓ እያደረግን፣ ወደዚያው የሚወስደንን በየቀኑ መብላት ዱዓችንን በእጃችን ማፍረስ ነው።

ሁለተኛው «ጤናማ ምግብ ውድ ነው» የሚል ነው። ፍራፍሬው እውነትም ተወዷል፤ ብዙ ቤት ሥጋና ወተት ብርቅ ሆኗል። ይህን እያየን «ሳልመን ብሉ» ብንል እናፍራለን። ግን የለስላሳው፣ የብስኩቱ፣ የጫቱና የጠርሙሱ ዘይት ወጪ ሲደመር ስንት ኪሎ ምስር፣ ስንት እስር ጎመን ይገዛል? ሒሳቡን እያንዳንዳችን በቤታችን እንሥራው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ የሚመለከተው አንተንና አንቺን ነው

«ይህ የሽማግሌ ጉዳይ ነው» ብለህ ማለፍ እንዳትሞክር። አጥንት ጥንካሬው ጫፍ የሚደርሰው በሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጠራቀመውን መጠበቅ ነው። ጡንቻም ከዚያ በኋላ ካልተንቀሳቀሱበት ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል። እንግዲህ የሰባ ዓመት ሱጁድህን የምታዘጋጀው አሁን በሃያዎቹ ነው። ወጣትነትን ከእርጅና በፊት፣ ጤናንም ከሕመም በፊት እንድንጠቀምባቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሳስበውናል።

ሌላም አለ። በብዙ ቤት ዛሬ አስቤዛ የሚገዛው ወጣቱ ነው። ከሥራ ስትመለስ ለእናትህ ምን ይዘህ ትገባለህ? ፍቅርህን በኬክና በለስላሳ ካሳየሃት ስኳሯ ይጨምራል። ከዐረብ አገር ሰፕልመንት ከላክሽላት እህቴ ሆይ፣ በዚያው ገንዘብ የግፊት መለኪያ ብትልኪላት ይሻል ነበር። ወላጆች ሲያረጁ መንከባከብ ጀነት የሚገባበት በር ከሆነ ሳህናቸውን ማየትም የዚያ አካል ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እነዚህን እንያዝ፦

1. ኪኒን የሚወስድ ወላጅ ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ እንደሆነ፣ ሌላ ምን እየጨመሩ እንደሆነ ይጠይቅ።

2. ለስላሳን ከየቀን መጠጥነት እናውጣው። ውሃ፣ ሻይ በትንሽ ስኳር፣ የተልባ ውሃ ይተካው።

3. በቀን አንድ ጊዜ ጥራጥሬ፣ አንድ ጊዜ አትክልት ከሳህናችን አይጥፋ።

4. ጨውና ዘይትን በማንኪያ ለክተን እንጨምር፤ በግምት አናፍስስ።

5. ሳንጠግብ እንነሳ። መስጂድ ቅርብ ከሆነ በእግር እንሂድ፤ እርምጃውም አጅር አለው።

እኛም የድርሻችንን ወስደናል። ከኢማማችን ጋር ተመካክረን በመስጂዱ በር ላይ «ሁሉን ያድናል» እያሉ መድኃኒት መሸጥ እንዲቀር አድርገናል። የጥቁር አዝሙዱን ሐዲስም እንደገና አስተምረናል፤ በዚህ ጊዜ ሸርሑን ሳንጨርስ አልተነሳንም። እኚያ አባት ከወንበራቸው ሆነው ሰሙን። ሲያልቅ ልጃቸውን በግራ እጃቸው ነካ አድርገው «ሰማህ? ሐዲሱማ ልክ ነው» አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከእሳቸው ዐውፍ ጠይቀናል፤ ዐውፍ ብለውናል። ከአላህ ደግሞ እንለምናለን።

ያ ረብ! በዒልም ስም ካጠፋነው ማረን። ለታመሙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሺፋእ ስጣቸው። ጉልበታችንን ለሱጁድ፣ ምላሳችንን ለዚክር እስከ መጨረሻው አቆይልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።